ምርት የምታስቆመው ርካሿ ዕቃ ናት፦ ከግዥ ሥራ የተማርኩት

ግዥ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ፋብሪካችን ፈሳሽ ሳሙና አምርቶ በጠርሙስ ያሽጋል። ጥሬ ዕቃውም ማሸጊያውም አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ይህን የምጽፈው አዲስ ወደ ሥራው ለገባችሁ፣ ወይም የራሳችሁን ድርጅት እየመራችሁ «ዕቃው ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል» እያላችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ስጋት የሚጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ለግዙፍ ኩባንያዎች የታሰበ ነው። እኔ የምነግራችሁ አንድ ኤክሴል፣ አንድ ስልክና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊሠራው የሚችለውን ነው።

ብዙ ድርጅት ስለ አቅራቢ ስጋት ማሰብ ሲጀምር ዝርዝሩን በገንዘብ ይደረድራል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ከላይ፣ ሳንቲም የሚወጣበት ከታች። ከዚያ ከላይ ያሉትን ጥቂት አቅራቢዎች ይዞ ስብሰባ ይቀመጣል። ለዋጋ ድርድር ከሆነ ጥሩ ነው። ለስጋት ግን ይህ አደራደር ያሳስታል። ዋናው ኬሚካል በታንክ ሙሉ ቢኖርም ክዳን ከሌለ ጠርሙሱ ከመስመሩ አይወጣም። ደንበኛው ደግሞ የጎደለው ክዳን ይሁን ኬሚካል አይገደውም። የሚያየው ባዶ መደርደሪያ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ትዝብት አይደለም። የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴቪድ ሲምቺ-ሌቪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የፎርድን አቅራቢዎች መርምረው ነበር። ኩባንያው ለአንድ አቅራቢ የሚከፍለው ገንዘብ ሌላ፣ ያ አቅራቢ ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት ሌላ ሆኖ አገኙት። ከባድ ጉዳት ሊያደርሱ ከሚችሉት መካከል ርካሽ ዕቃ የሚያቀርቡ ሞልተው ነበር። ጥናታቸው የቆመው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። እነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው የእኔንም አሠራር የቀየሩት።

አንደኛው፦ ይህ አቅራቢ ዛሬ ቢቆም፣ እጃችን ላይ ባለው ዕቃ ስንት ቀን እንቆያለን? ሁለተኛው፦ ከእሱም ይሁን ከሌላ፣ ዕቃው እንደገና መግባት እስኪጀምር ስንት ቀን ይፈጃል?

የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው ከበለጠ እፎይ በሉ። ካነሰ ግን ልዩነቱ ሥራ የምትፈቱበት ቀን ነው። ለምሳሌ ያላችሁ ክዳን 25 ቀን ቢያቆያችሁና ሌላ አቅራቢ ፈልጎ ለማስገባት 70 ቀን ቢፈጅ፣ 45 ቀን ባዶ ናችሁ። 45ቱን በቀን በምታጡት ትርፍ አባዙት። የክዳኑን ዋጋ እርሱት፤ የስጋቱ ዋጋ ያ ነው።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም አቅራቢው ለምን እንደሚቆም አለመጠየቁ ነው። ስለ ስጋት ሲወራ ብዙ ሰዓት የሚባክነው በግምት ላይ ነው። ጎርፍ የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው? ጦርነትስ? ኪሳራስ? ማንም አያውቀውም። እሳትም ይሁን ኪሳራ፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ያው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው አይመጣም። ስለዚህ የምትችሉትን ቁጠሩ። ስንት ቀን ትቆያላችሁ፣ ስንት ቀን ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ጃፓን ውስጥ አይሲን የተባለ የቶዮታ አቅራቢ ፋብሪካ ተቃጠለ። የተቃጠለው የፍሬን ግፊት የሚያመጣጥን ትንሽ ቫልቭ የሚሠራበት ክፍል ነበር። ቶዮታ ያንን ቫልቭ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ በእጁ ያለው ክምችት ደግሞ በጣም ጥቂት ነበር። የጃፓን መገጣጠሚያዎቹ አብዛኛዎቹ ቆሙ። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብዙ ሌሎች አቅራቢዎች ንድፉን ተቀብለው፣ በራሳቸው ማሽን ቫልቩን መሥራት ጀመሩ። በሳምንት ገደማ ምርቱ ተነሣ። የቶዮታ የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ነበር፤ ያዳነው ሁለተኛውን ቁጥር ማሳጠሩ ነው። ይህን ምሳሌ የምወደው ለዚህ ነው። ክምችት ማብዛት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ንድፉ፣ ስፔሲፊኬሽኑና ሞልዱ (የዕቃውን ቅርጽ የሚያወጣው መሣሪያ) በእጃችሁ ከሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲሠራላችሁ ቶሎ ማድረግ ትችላላችሁ። ሞልዱ የማን ንብረት እንደሆነ ውላችሁ ላይ ዛሬውኑ እዩ። ገንዘቡን እናንተ ከፍላችሁ ሞልዱ የአቅራቢው ሆኖ ከተጻፈ፣ በችግር ጊዜ አውጥታችሁ ለሌላ ልትሰጡት አትችሉም።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስንሄድበት፣ ክዳን ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቀለል አለን። ሁለት አቅራቢ ስላለን። በሁለት የተለያዩ አገሮች ያሉ፣ አንዱ ሌላውን የማያውቁ። ባልደረባዬ ግን የሁለቱንም ሳምፕል ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ክዳኑን ገልብጣ በመርፌ ጫፍ ከውስጥ ያለችውን ስስ ክብ ማሸጊያ ፈልቅቃ አወጣቻት። ያቺ የጠርሙሱን አፍ በሙቀት የምታሽገው፣ አንድ ጎኗ አልሙኒየም የሆነች ነገር ናት። የሁለተኛውንም እንዲሁ አወጣች። ጎን ለጎን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻቸው። በጀርባቸው ያለው ደቃቅ ምልክት አንድ ዓይነት ነበር። ከለሩ፣ ውፍረቱ፣ ምልክቱ፣ ሁሉም።

ለሁለቱም አቅራቢዎች ደወልን። አንደኛው ሳይደብቅ ነገረን፤ ሁለተኛው ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ተናገረ። ማሸጊያዋን የሚገዙት ከአንድ ፋብሪካ ነው። ሁለት አቅራቢ አለን ስንል፣ ለካ ከኋላቸው ያለው አንድ ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባል የለ? ያንን ፋብሪካ የሚያቆም ነገር ቢመጣ፣ ሁለቱም አቅራቢዎቻችን በአንድ ቀን ይቆሙ ነበር።

ምን አደረግን? ከአንደኛው አቅራቢ ጋር ተነጋግረን ከሌላ ፋብሪካ የመጣች ማሸጊያ በእኛ ጠርሙስ ላይ እንድትሞከር አደረግን። ፈሳሽ አንጠብጥባ እንደሆን ለማየት ጠርሙሶቹን ለሳምንታት አጋድመን አቆየናቸው። ጥራት ክፍል ፈረመ። አሁንም ዋናዋን እንገዛለን፤ አማራጯ ግን ተፈትና፣ ተፈቅዳ፣ ቁጥር ተሰጥቷት ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። ገንዘብ የፈጀው ሙከራው ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ግን በብዙ አጠረ፤ ምክንያቱም በችግር ጊዜ ቀኑን የሚበላው ዕቃውን ማግኘት ብቻ አይደለም፣ ማረጋገጡ ጭምር ነው።

ከአቅራቢያችሁ ጀርባ ያለውን ማወቅ ለትልልቆቹም ከባድ ነው። በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ፣ ኦናሃማ የተባለ ቦታ ያለ የጀርመኑ ኬሚካል አምራች የመርክ ፋብሪካ እንዲቆም አደረገ። የሚሠራው ዚራሊክ የተባለ፣ የመኪና ቀለምን የሚያንጸባርቅ ዱቄት ነው። በወቅቱ በዓለም ላይ ይህን ዱቄት የሚያመርተው ያ አንድ ፋብሪካ ብቻ ነበር። የመኪና ኩባንያዎች ቀለም የሚገዙት ከተለያዩ ቀለም አምራቾች ነው፤ ቀለም አምራቾቹ ደግሞ ዱቄቱን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ፎርድ አንዳንድ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያላቸውን መኪኖች ትእዛዝ እስከ መገደብ ደረሰ። በአንድ መኪና ላይ ያለው የዱቄት ዋጋ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። የክዳናችን ማሸጊያም እንደዚያው ናት።

ስለዚህ አቅራቢያችሁን ጠይቁት። «ይህን ለመሥራት አንተ ከማን ነው የምትገዛው?» በሉት። ስም ለመስጠት ቢያመነታ አትጫኑት። «ከስንት ቦታ ታገኘዋለህ? ፋብሪካው የት አካባቢ ነው? አንዱ ቢቆም ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ አዙራችሁ ጠይቁ። ስሙን ባይሰጣችሁም መልሱ ብዙ ይናገራል። ይህን ለሁሉም ዕቃ መሥራት አይቻልም፤ ጊዜም አይበቃም። ስትቆም ሁሉን ለምታስቆም ዕቃ ብቻ አድርጉት።

ሌላው በቅርበት ሳየው የገረመኝ የማድረሻ ጊዜ ነው። አቅራቢው «30 ቀን» ይላል። ያ እሱ የሚያመርትበት ጊዜ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ዕቃው ያስፈልጋል ብላችሁ ከወሰናችሁበት ቀን አንሥቶ መጋዘን ገብቶ፣ ጥራት ክፍል «ይሠራል» ብሎ እስኪፈርም ያለው ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ እየከፋፈልን መዘገብን። ፕሮፎርማ (የአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ) የመጣበት፣ የተፈቀደበት፣ ባንክ ክፍያውን የላከበት ወይም ኤልሲውን (ለአቅራቢው የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) የከፈተበት፣ ምርቱ ያለቀበት፣ መርከብ ላይ ቦታ የተገኘበት፣ መርከቡ የተነሣበት፣ ወደብ የደረሰበት፣ ጉምሩክ የወጣበት፣ መጋዘን የገባበት ቀን። ሥራው አሰልቺ ነው። ውጤቱ ግን ለማንም የምመክረው ነው። ባሕር ላይ ያለው ጊዜ ከጠበቅነው በላይ የተረጋጋ ነበር። የሚዋዥቀው ሁለቱ ጫፍ ነው፤ ገንዘቡ ከእኛ እስኪወጣ ያለውና ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ያለው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ምክንያቱም መርከብ ማፍጠን አትችሉም፣ የራሳችሁን ፊርማ ግን ማፍጠን ትችላላችሁ።

መዋዠቅ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀህ ብትሉኝ፣ አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። በቀን በአማካይ 1,000 ክዳን ትጠቀማላችሁ እንበል። የቀን ፍጆታው ከአማካዩ 100 ያህል ይዋዥቃል። የማድረሻ ጊዜው በአማካይ 60 ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ 12 ቀን ያህል ይዋዥቃል። መዋዠቅ ስል በኤክሴል የምታወጡትን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለቴ ነው። ከ100 የግዥ ዙር በ95ቱ ዕቃ እንዳያልቅባችሁ ብትፈልጉ ማባዣው 1.65 ነው። የማድረሻ ጊዜው ፈጽሞ የማይዋዥቅ ቢሆን፣ ለፍጆታው መዋዠቅ ብቻ የሚያስፈልጋችሁ መጠባበቂያ 100 ሲባዛ በ60 ስኩዌር ሩት፣ ሲባዛ በ1.65 ነው። ወደ 1,300 ክዳን ገደማ ይመጣል። የማድረሻ ጊዜውን መዋዠቅ ስትጨምሩበት ግን 19,800 አካባቢ ይሆናል። ያንን 12 ቀን ወደ 6 ብታወርዱት መጠባበቂያው ወደ 10,000 ይወርዳል።

ቁጥሩን ደጋግማችሁ እዩት። መጋዘናችሁን የሞላው የደንበኛ ፍላጎት መለዋወጥ አይደለም፤ ዕቃው መቼ እንደሚገባ አለመታወቁ ነው። የሽያጭ ትንበያን ለማሻሻል ብዙ የሚደክም ድርጅት አውቃለሁ፤ የማድረሻ ቀኑን ግን መዝግቦት አያውቅም። ዘግይቶም ቢሆን በቀጠሮው የሚመጣ አቅራቢ፣ አንዳንዴ ፈጥኖ አንዳንዴ ከሚጠፋ ይሻላል ብዬ የምከራከረው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አለቆቼን ለማሳመን ጊዜ ወስዶብኛል፤ ያሳመናቸው ይህ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ የማይሸፍነው ነገር እንዳለም እወቁ። እሱ የሚሠራው ለተለመደው መዋዠቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ ጥቃት ሲበዛ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ዕቃ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ተጨመረበት። በዚያው ዓመት ፓናማ ቦይ ላይ በድርቅ ምክንያት በቀን የሚያልፉት መርከቦች ቁጥር ተቀነሰ። እንዲህ ዓይነቱ ሲመጣ የድሮው አማካይ አይሠራም። የሁሉንም ትእዛዝ ቀን ማስቀደም ነው፤ ይህንንም ወሬው በተሰማ ሳምንት እንጂ ዕቃው ከዘገየ በኋላ አይደለም።

ወሬ ሲሰማ ስለሚደረገው ካነሣን አይቀር፣ የኖኪያና የኤሪክሰን ታሪክ ለግዥ ሠራተኛ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አልበከርኪ ከተማ ያለ የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ምክንያት ተቃጠለ። እሳቱ በደቂቃዎች ጠፋ። ፊሊፕስ ለደንበኞቹ የአንድ ሳምንት ያህል መዘግየት እንደሚኖር ነገራቸው። ሁለቱም የስልክ አምራቾች የሰሙት ያንኑ ነው። ኖኪያ ግን «አንድ ሳምንት» የሚለውን ይዞ አልተቀመጠም። ጉዳዩን ወደ ላይ አደረሰ፤ በየቀኑ ተከታተለ፤ ነገሩ ከባድ መሆኑ እንደታየም ሌላ ምንጭ መፈለግ ጀመረ። ኤሪክሰን ዘግይቶ ነቃ። ለብዙዎቹ ቺፖች ሌላ ምንጭ አልነበረውም። 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ አጣ። በሚቀጥለው ዓመት የስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አጣመረ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እኛ ጋ ያለው ደንብ ቀላል ነው። ከአቅራቢ የመጣ ማንኛውም የመዘግየት ወሬ፣ «ትንሽ ነው» የሚልም ቢሆን፣ ዕቃዋ ከነዚያ ምርት አስቋሚዎች አንዷ ከሆነች በዚያው ቀን ለምርትና ለሽያጭ ኃላፊ ይነገራል። ለአለቃ መጥፎ ዜና ማድረስ ማንም አይወድም። ስለዚህ የተናገረ ሰው እንዳይቆጡት አለቆቹ ቃል መግባት አለባቸው። ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

አቅራቢ ከመቆሙ በፊት ምልክት ይሰጣል። ሁልጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው ስልክ ማንሣት ያቆማል። ከወትሮው የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ካርቶኑ ይሳሳል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል። አንድን ትእዛዝ በሁለት በሦስት ከፋፍሎ ይልካል። የባንክ አካውንት ቀየርኩ ይላል። ይህኛው ለብቻው መታየት አለበት። አካውንት ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ በኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አንዲት ሳንቲም እንዳትልኩ። በዚህ መንገድ ገንዘባቸው የተበላ ድርጅቶች ብዙ ናቸው።

ወደ መጓጓዣው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘናጋው ስጋቱ የማን እንደሆነ ነው። የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ባወጣቸው፣ ወጪውንና ስጋቱን ሻጭና ገዢ እንዴት እንደሚካፈሉ በሚወስኑት ኢንኮተርምስ 2020 ውስጥ 11 ውሎች አሉ። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፤ የምትጠቀሙበትን ግን በደንብ ማወቅ አለባችሁ። ሲአይኤፍ ስትገዙ ሻጩ የመርከብና የኢንሹራንስ ይከፍላል። ብዙዎች «እንግዲያው እኔ ወደብ እስኪደርስ የለሁበትም» ይላሉ። አይደለም። ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ስጋቱ የእናንተ ነው። ኪሣራው በመንገድ ላይ ቢደርስ ኢንሹራንሱን የምትከራከሩት እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ ሲአይኤፍ ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ሽፋን፣ «ክሎዝ ሲ» የሚባለውን እንዲገባ ብቻ ነው። ያ ሽፋን ስርቆትን አይጨምርም። ባሕር ውስጥ ለወደቀ ኮንቴይነርም ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ሰፊው «ክሎዝ ኤ» ነው። ልዩነቱ በዓረቦን ሲታይ ትንሽ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ «ኤ»ን ነው የማስገባው፣ ውሉ ላይም በጽሑፍ እንዲሰፍር አደርጋለሁ።

«የመርከብ ድርጅቱ ይከፍለኛል» ብላችሁም አትተማመኑ። በብዙ አገር በሚሠራበት የሄግ-ቪስቢ ደንብ የመርከብ ድርጅት ኃላፊነት ጣሪያ አለው። በጥቅል 666.67 ኤስዲአር ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ የበዛው ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው። ቀላል ክብደት ያለው ውድ ዕቃ ለምታስመጡ፣ ይህ ከጠፋባችሁ ጋር አይመጣጠንም።

ኢንሹራንስ ለምን እንደምጨቀጭቅ ኤቨር ጊቭን በደንብ ያሳያል። 400 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ይህ መርከብ በመጋቢት 23 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘጋ። ከስድስት ቀን በኋላ ተላቀቀ፤ ዓለምም ጉዳዩን ረሳው። ዕቃቸው በመርከቡ ላይ ለነበረ ሰዎች ግን ችግሩ ገና መጀመሩ ነበር። መርከቡ በካሳ ክርክር ምክንያት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ ተያዘ። በዚያ ላይ ባለቤቱ ጄኔራል አቬሬጅ አወጀ። ይህ የቆየ የባሕር ሕግ ነው። መርከብን ለማዳን የወጣውን ወጪ ዕቃቸው የዳነላቸው ሰዎች ሁሉ ከመርከቡ ባለቤት ጋር ይካፈሉታል። ዕቃችሁ አንድም ጭረት ባይነካው እንኳ ድርሻችሁን ወይም ዋስትና ካላቀረባችሁ አይሰጣችሁም። የዕቃ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን የሚያቀርብለት ኢንሹራንሱ ነው። የሌለው ገንዘቡን ከኪሱ ያስይዛል።

የመርከብ ድርጅት ራሱም ሊወድቅ ይችላል። የደቡብ ኮሪያው ሃንጂን በነሐሴ 31 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ልሁን ብሎ አመለከተ። ከዓለም ሰባተኛ የነበረ ድርጅት ነው። ክፍያችንን እናጣለን ብለው የሰጉ ወደቦች መርከቦቹን አናስገባም አሉ። ዕቃ የጫኑ መርከቦች ባሕር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚህ የወሰድነው ነገር አንድ ነው። አንድ ምርት የሚያስቆም ዕቃ ሙሉ በሙሉ በአንድ መርከብ አናስጭንም። ሁለት ኮንቴይነር ከሆነ በሁለት የተለያየ ሳምንት ይነሣል።

ዲሙሬጅና ዲቴንሽን በሚባሉት የመዘግየት ክፍያዎች ላይ አጭር ነገር ልበል። ኮንቴይነሩ ከነጻው ቀን በላይ ወደብ ላይ ሲቀመጥ ዲሙሬጅ ይቆጥራል፤ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ሲዘገይ ዲቴንሽን። ነጻ ቀኑ የሚደራደሩበት ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። ከተጫነ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ሰነዶቹን ደግሞ መርከቡ ሳይደርስ ዕቃውን ከጉምሩክ ለሚያስወጣላችሁ ትራንዚተር አድርሱ። የዕቃው ክብደት በፓኪንግ ሊስቱ (በዕቃው ዝርዝር) ላይና በቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ በሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ አንድ መሆኑን ቁጭ ብላችሁ አመሳክሩ። ብዙ መዘግየት የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ትንሽ አለመመሳሰል ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም የሚፈተንበት ነገር አለ። አቅራቢው ከጠየቃችሁት ግማሹን ብቻ ሲልክ፣ በሚቀጥለው እጥፍ ማዘዝ ያምራል። ጎረቤታችሁም እንዲሁ ያዝዛል። አቅራቢው ፍላጎት የጨመረ መስሎት የራሱን ትእዛዝ ያሳድጋል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በሕፃናት ዳይፐር ላይ ያየው ይኸው ነው። ሕፃናቱ በየቀኑ የሚጠቀሙት ያው ሆኖ ሳለ፣ ወደ ፋብሪካው የሚመጣው ትእዛዝ ክፉኛ ይዋዥቅ ነበር። ወራት ሲያልፍ ያዘዛችሁት እጥፍ ሁሉ በአንድ ላይ ይገባል፤ ገንዘባችሁም መጋዘን ውስጥ ይታሰራል። እኛ የምናደርገው እጥፍ ከማዘዝ ይልቅ እውነተኛ ፍጆታችንን ለአቅራቢው መላክ ነው። የስድስት ወር ዕቅዳችንን በየወሩ እያደስን እንልክለታለን፤ ከዚያ ውስጥ የቱ እርግጠኛ ትእዛዝ፣ የቱ ግምት እንደሆነ ለይተን። ዕቃ ሲያጥር ማንን ማመን እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛ አቅራቢ መያዝን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስሙ ዝርዝር ላይ ያለ፣ ግን አንድም ቀን ያልገዛችሁበት አቅራቢ፣ በችግር ቀን አያውቃችሁም። ያኔ በሩ ላይ የሚሰለፈው ብዙ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያውቀው ደንበኛ ነው። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን በቋሚነት ድርሻ ስጡት፤ ከአምስት አንድ ያህል ቢሆን በቂ ነው። በዋጋ ትንሽ ሊወደድባችሁ ይችላል። ያን ልዩነት ከ45 ባዶ ቀን ጋር አስተያዩት። ትንሽ ለሆነ ዕቃ ሁለት አቅራቢ ማስተዳደር የማያዋጣ ከሆነ፣ ዕቃው የማይበላሽና ቦታ የማይፈጅ ከሆነም፣ ክምችቱን አብዙና እርሱት። ክዳን ርካሽ ነው። የአራት ወር ክዳን የሚያስረው ገንዘብ ከአንድ ሳምንት የዋናው ኬሚካል ያንሳል።

«እኛ ትንሽ ነን፣ ትልቅ አቅራቢ አይሰማንም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በመጠን አትጫኑትም። ያላችሁ ኃይል ሌላ ነው። በቀጠሮው መክፈል፣ ያዘዙትን አለመሰረዝ፣ ለጥያቄው ቶሎ መልስ መስጠት። ይህን የሚያደርግ ትንሽ ደንበኛ በአቅራቢ ዘንድ ይወደዳል፤ ይህን ከአቅራቢዎቻችን አፍ ሰምቼዋለሁ። ከሽያጭ ሠራተኛው ሌላ የምርት ዕቅድ የሚያወጣውን ሰው ስልክም ያዙ። ዕቃችሁ ማሽን ላይ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር በፋይሉ ላይ ጻፉት፤ ሠራተኛው ሲለቅ ግንኙነቱም አብሮ ይሄዳልና። በየሦስት ወሩም ምንም የምታዙት ነገር በሌለበት ጊዜ ደውሉለት፤ ሥራ እንዴት እንደሆነ፣ ጥሬ ዕቃ እያገኘ እንደሆነ ጠይቁት።